«የእናንተ ሰዎች ናቸው»

የ2011 ዓ.ም. ሆሳዕና ከሌሎቹ ሆሳዕናዎች ተለይታ አእምሮዬ ውስጥ የቀረችው በአንድ ዓረፍተ ነገር ምክንያት ነው። የተናገረው ልጅ ረስቶት ይሆናል። እኔን ግን ይኸው እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

የምንኖረው የካ አባዶ ነው፣ ኮንዶሚኒየም። ጎረቤቶቻችንን የመረጠልን ዕጣ ነው። ሰፈሩ ፈርሶበት ከመሀል ከተማ የመጣ አለ። ከክፍለ ሀገር መጥቶ የተከራየ አለ። ባንክ የሚሠራ አለ፣ ጉሊት የምትቸረችር አለች። ሌሊቱን በአንድ በኩል ቅዳሴ፣ በሌላ በኩል አዛን እየሰማን ነው የምንነሳው። ከብሎካችን ሥር ያለችውን ሱቅ የያዙትን ሰውዬ ማንም በስማቸው አይጠራቸውም። ሁሉም «ሀጂ» ነው የሚላቸው። ዱቤ ይሰጣሉ። የሰው የቤት ቁልፍ ያስቀምጣሉ። ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ እናቱ ካልገባች ሀጂ ደጃፍ ቁጭ ብሎ ይጠብቃታል።

ሚያዝያ 13 ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ፣ ዘንባባው ጣቴ ላይ እንደታሰረ፣ ዘይት ልገዛ ገባሁ። ቴሌቪዥኑ በርቷል። ስሪላንካ። ጣሪያው የረገፈ ቤተ ክርስቲያን ያሳያል፣ ደም የተረጨበት የክርስቶስ ሐውልት ያሳያል። የእኛ ሆሳዕና የእነሱ ፋሲካ ነበር። ሱቁ ውስጥ ያለነው ሰዎች ዝም ብለን እናያለን። አንድ የብሎካችን ልጅ የሞባይል ካርድ ሊገዛ መጥቶ ቆሟል። ረጅም ጊዜ አየና፣ «የእናንተ ሰዎች ናቸው እኮ ሀጂ» አለ።

አልጮኸም። እየቀለደም አልነበረም። ሰዓት ስንት እንደሆነ የሚናገር ሰው ድምፅ ነበር።

ሀጂ ካርዱን እንደያዙ ቆሙ። «እኔኮ አገሩንም አላውቀው» አሉ። «የት እንደሆነም አላውቅ። ወላሂ።»

ከጀርባዬ የነበሩ እማማ ቆጣ አሉ። «አንተ! ሰውዬው ምን አደረጉህ? በል ካርድህን ተቀበል!» ልጁ ካርዱን ተቀብሎ ወጣ። ሀጂ ጣቢያውን ቀየሩት። እኔም ዘይቴን ይዤ ሄድኩ።

ደረጃውን ስወጣ የተብሰለሰልኩት በልጁ ነገር አልነበረም። በሀጂ መሐላ ነው። ሰው የሚምለው ሲከሰስ ነው። ስሳ ዓመት ያለፋቸው ሰውዬ፣ በገዛ ሱቃቸው፣ ሰምተውት በማያውቁት ከተማ ለፈነዳ ቦምብ «እኔ የለሁበትም» ብለው ማሉ። እኛም መሐላውን የሰማን ዳኞች ሆነን ቆምን።

ልጁ ከየት አመጣው

ልጁን አውቀዋለሁ። ክፉ ልጅ አይደለም። ያደገው ቂርቆስ ነው። ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ ነው ቤተሰቡ ወደዚህ ዳር የወጣው። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. አይሲስ ሊቢያ ውስጥ ኢትዮጵያውያንን ሲያርድና ሲረሽን ከሟቾቹ መካከል የቂርቆስ ልጆች ነበሩበት። ይሄ ልጅ ያኔ ጎረምሳ ነው። የሰፈሩን ድንኳን አይቷል። ያንን ቪዲዮ በሰው ስልክ ያላየ የእሱ እኩያ ያለ አይመስለኝም። ስለዚህ ከአራት ዓመት በኋላ ያ ቴሌቪዥን ላይ ያየው ስሪላንካን አልነበረም። የሰፈሩን ለቅሶ ነው።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ይህን አልነፍገውም።

ግን የሊቢያውን ነገር እንደገና እንየው። ገዳዮቹ ልጆቹን በስማቸው አልጠሯቸውም። የለጠፉባቸው ጽሑፍ «የጠላት ኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ተከታዮች» የሚል ነው። እነማን ነበሩ? ሥራ ፍለጋ ሰሃራን ያቋረጡ፣ ባሕሩን ተሻግረው አውሮፓ ሊገቡ ያሰቡ ልጆች። ቤተ ክርስቲያን አልላከቻቸውም። ለምንም ጉዳይ አልወከለቻቸውም። የወከላቸው ገዳዩ ነው። መጀመሪያ ወከላቸው፣ ከዚያ በወከላቸው ነገር ቀጣቸው።

ልጁም ለሀጂ ያደረገው ያንኑ ነው፣ በጣም በትንሹ። አንድን ቃል ከቦምብ ጋር ላስተካክል አይደለም። ልጁ ማንንም አልነካም። በነጋታውም ዳቦ የገዛው ከዚያው ሱቅ ነው። ሆኖም ለአንድ ደቂቃ ያህል ሀጂን ከሀጂነታቸው አውጥቶ ወኪል አደረጋቸው። እሳቸውም የወኪል መልስ መለሱ።

ለአንድ ግድያ ሦስት ምክንያት

ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ጥቃት ያገኘሁትን ማንበብ ያዝኩ። የምፈልገው አንድ ነገር ነበር። ለምን ክርስቲያኖቹን? (የውጭውን ታሪክ በእነሱው አቆጣጠር ልጻፈው።)

የደሴቲቱን ሕዝብ አሰፋፈር ያየ ሰው ይህ ጥያቄ ይከነክነዋል። ከሕዝቡ 70 በመቶ ገደማ ቡድሂስት ነው። ሂንዱዎቹ ከ12 በመቶ ብዙም አይበልጡም። ሙስሊሞቹ 10 በመቶ ገደማ፣ ክርስቲያኖቹ 7 በመቶ ገደማ ናቸው። የስሪላንካ ሙስሊም ቂም ልቁጠር ካለ የሚቆጥረው ሌላ ቦታ ነው። በነሐሴ 1990፣ ለታሚሎች የራሳቸውን አገር እንመሠርታለን ብለው ከመንግሥት ጋር የሚዋጉት የታሚል ታይገር ታጣቂዎች ካታንኩዲ በምትባል የሙስሊሞች ከተማ ሁለት መስጊዶች ገብተው፣ ስግደት ላይ የነበሩ ከ100 በላይ ሰዎችን ፈጁ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ሙስሊሞችን ከሰሜኑ ክፍል ጠራርገው አባረሩ። በጃፍና ከተማ ዕቃ ለመሰብሰብ የተሰጠው ጊዜ ሁለት ሰዓት ነበር። ጦርነቱ በ2009 ሲያበቃ ደግሞ ተራው የአክራሪ ቡድሂስቶች ሆነ። በ2014 አሉትጋማ ላይ፣ በ2018 ዲጋና ላይ የሙስሊም ቤትና ሱቅ ነደደ። ክርስቲያኖቹ እንደ ክርስቲያን በዚህ ሁሉ ውስጥ የሉበትም። እንዲያውም እነሱም በእነዚያው አክራሪዎች ይንገላቱ ነበር።

ታዲያ በፋሲካ ጠዋት ሦስት ቤተ ክርስቲያንና ሦስት ትልልቅ ሆቴል ውስጥ ፈንጂ ታጥቆ መግባት ምን የሚሉት ነው? ከ250 በላይ ሰው አለቀ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዳንል ሰዎቹ ሞታቸውን ቆርጠው የወጡ ናቸው። የሚፈሩት አህያ አልነበረም።

ምክንያት የሚሰጥ ግን አልጠፋም። የአገሪቱ የመከላከያ ሚኒስትር ዴኤታ ፓርላማ ቀርበው፣ በኒውዚላንድ ክራይስትቸርች መስጊዶች ውስጥ ለተገደሉት ሙስሊሞች በቀል ነው አሉ። የአይሲስ መሪ የነበረው አቡበክር አል ባግዳዲ ጥቃቱ በደረሰበት ወር መጨረሻ በለቀቀው ቪዲዮ፣ የለም፣ የባጉዝ በቀል ነው አለ። ባጉዝ ሶሪያ ውስጥ አይሲስ የመጨረሻ መሬቱን ያጣባት መንደር ናት። ሌሎች ደግሞ አሉትጋማና ዲጋና ላይ የነደዱትን ሱቆች አነሱ። አንድ ግድያ፣ ሦስት ምክንያት። አንዱ ኒውዚላንድ፣ አንዱ ሶሪያ፣ አንዱ እዚያው ደሴቲቱ ላይ። ከተመቱት ሦስቱ አንዱ ወደሆነው የኔጎምቦ ከተማ ቅዱስ ሴባስቲያን ቤተ ክርስቲያን ልጆቻቸውን ለፋሲካ አልብሰው የመጡ እናቶች ከሦስቱም ቦታ አልነበሩም።

የክራይስትቸርቹ ምክንያት በጊዜም አይገጥምም። ክራይስትቸርች መጋቢት 2019 ነው። የስሪላንካ ፖሊስ ደግሞ በዚያው ዓመት ጥር ወር ላይ ፑታላም አካባቢ ካለ የኮኮናት እርሻ 100 ኪሎ ያህል ፈንጂ ይዟል። ፈንጂው ኋላ ጥቃቱን ያደረሱት ሰዎች ቡድን ንብረት ነበር። ፈንጂው ቀድሞ ተዘጋጅቷል፣ የሚበቀሉለት በደል ኋላ መጣ። ጠብ ያለሽ በዳቦ ይሏል ይሄ ነው።

ድህነት ነው የሚሉም አሉ። ከአጥፍቶ ጠፊዎቹ ሁለቱ የአንድ ከበርቴ የቅመማ ቅመም ነጋዴ ልጆች ናቸው። ሌላው እንግሊዝና አውስትራሊያ ሄዶ የተማረ ነው። ድህነትን እንተወው።

የቡድኑ መሪ ዛህራን ሃሺም የካታንኩዲ ልጅ ነው። አዎ፣ መስጊዶቿ ውስጥ ሰው ያለቀባት ካታንኩዲ። እዚህ ላይ ነገሩ ሁሉ የሚገጥም ይመስላል። በልጅነቱ ያየው ደም ነው እንል ይሆናል። ግን በዚያች ከተማ አባቱን መስጊድ ውስጥ የቀበረ፣ ወንድሙን ያጣ ስንት ሰው አለ። ያ ሁሉ ሰው ተነስቶ ፈንጂ አልታጠቀም። እንዲያውም ዛህራንን አላስቀምጥ ያሉት የከተማዋ ሙስሊሞች ናቸው። በ2017 ከሱፊ ሙስሊሞች ጋር ካስነሳው ግጭት በኋላ ከከተማው ሸሽቷል። ሙስሊሞቹ ሰውዬው አደገኛ ነው ብለው ለመንግሥት አመልክተዋል። ከጥቃቱ በኋላም የአገሪቱ ኡለማዎች ምክር ቤት የገዳዮቹን ሬሳ በመስጊዶቻችን አንቀብርም አለ። የተወጋ አይረሳም፣ ልክ ነው። አለመርሳትና መግደል ግን ለየቅል ናቸው። ዛህራን ከአጠገቡ ያለውን የገዛ ከተማውን ቁስል ትቶ፣ አይቶት የማያውቀውን የባግዳዲን ቁስል ነው የተሸከመው።

የመንግሥቱስ ነገር? ህንዶች አስቀድመው አስጠንቅቀው ነበር። ፕሬዚዳንቱና ጠቅላይ ሚኒስትሩ ተኳርፈው ስለነበር ማስጠንቀቂያው ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው አላለፈም። በ2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የቀድሞውን ፕሬዚዳንት ሲሪሴናን 100 ሚሊዮን ሩፒ ካሳ እንዲከፍሉ ወሰነባቸው። ይሄ ራሱን የቻለ ጉድ ስለሆነ ልለፈው።

ከጦርነት በኋላ የሚተርፈው

ጦርነት ያለፈበት አገር እንዲህ ላለው ሰው ለምን ይመቻል ሲባል፣ ብዙ ሰው መሣሪያ ይተርፋል ይላል። ቂም ይተርፋል ይላል። ሁለቱም እውነት ነው። እኔ ግን ከሁሉ የባሰ የሚተርፈው ነገር ሰውን በወኪልነት የመቅጣት ልማድ ይመስለኛል።

ሐምሌ 1983 ጃፍና ውስጥ ታይገሮች ባደፈጡበት 13 የመንግሥት ወታደሮች ሞቱ። ወዲያው ኮሎምቦ ውስጥ ታሚል የተባለ ሁሉ ይሳደድ ጀመር። መንጋው ቤት ለቤት ሲዞር የመራጮች መዝገብ ይዞ ነበር። ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ ተቀመጥኩ። መዝገብ! ሰው ድምፅ ልስጥ ብሎ ያስመዘገበው ስም ለሞቱ አድራሻ ሆነበት። ያደፈጠው ማን ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። የስሙ ዓይነት በቂ ነው። ታይገሮቹም አቅም ሲያገኙ ያንኑ በሙስሊሞቹ ላይ አደረጉት። ሱቁን ከፍቶ የሚውል የጃፍና ነጋዴ በአንድ ጀምበር የጠላት ሰላይ ተባለ።

ጦርነቱ 26 ዓመት ቆየ። አንድ ትውልድ ሙሉ እዚህ ቆጠራ ውስጥ ተወልዶ፣ ተምሮ፣ አግብቶ ወለደ። ግንቦት 2009 ላይ ተኩሱ ቆመ፣ ቆጠራው ግን አልቆመም። በ2018 መጀመሪያ አምፓራ ከተማ የሆነውን እዩ። አንድ ደንበኛ ሙስሊም ምግብ ቤት ገብቶ ወጡ ውስጥ ጓል ነገር ያያል። ሲንሃላን፣ ማለትም የአገሪቱን አብላጫ ሕዝብ፣ መካን የሚያደርግ መድኃኒት ነው ብሎ ይጮሃል። ሰው ይሰበሰባል። ሲንሃላኛ በቅጡ የማይሰማው የምግብ ቤቱ ሰው ተከብቦ፣ ግራ ገብቶት፣ አዎ የሚመስል ነገር ይላል። ቪዲዮው ፌስቡክ ላይ ወጣ። ምግብ ቤቱ ተሰባበረ፣ መስጊድም ተጠቃ። ኋላ ሲመረመር የዱቄት ጓል ነው። መካን የሚያደርግ እንዲህ ያለ ክኒንም ዓለም ላይ የለም።

ሰውዬው «አይደለም፣ ወላሂ» ቢልስ ኖሮ? የሚለወጥ ነገር ያለ አይመስለኝም። ወኪል ተደርጎ የቆመ ሰው ቢያምንም ቢክድም ያው ነው።

ዛህራን ያደገው በዚህ ደሴት ላይ ነው። አዲስ ነገር አልፈጠረም። አይሲስ የጨመረለት ስፋት ብቻ ነው። ሌላው የጎረቤቱን ሰው በወገኑ ሲቆጥር፣ እሱ ኔጎምቦ ያለን ሕፃን ለሶሪያ ጦርነት ቆጠረው።

እኛስ

ይህን ሁሉ ስለ ሩቅ ደሴት ብቻ ብጽፍ ደስ ባለኝ። ሚያዝያ 2014 ዓ.ም. ጎንደር ላይ፣ በአንድ ሙስሊም ሽማግሌ ቀብር ላይ ጠብ ተነሳ። ሰዎች ሞቱ፣ ንብረት ነደደ። ከሁለት ቀን በኋላ ወራቤ ላይ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። ከጎንደር ወራቤ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የወራቤ ምእመን የጎንደሩ ቀብር ላይ ምን ነበረው? ከዚያ ቀደም፣ ታኅሣሥ 2012 ዓ.ም.፣ ሞጣ ላይ የቤተ ክርስቲያን ቃጠሎ ወሬን ተከትሎ መስጊዶችና የሙስሊም ሱቆች ጋይተዋል። የሱቁ ባለቤት ወሬው ሲናፈስ ምን ላይ እንደነበር ማንም አልጠየቀውም።

የጎንደሩና የወራቤው ሲሆን የሰሜኑ ጦርነት ገና አላበቃም ነበር። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ሲፈረም ደስ ካላቸው ሰዎች አንዱ ነኝ። ግን በእነዚያ ሁለት ዓመታት እዚሁ አዲስ አበባ ሰው በስሙና በአነጋገሩ ብቻ ተጠርጥሮ ሲወሰድ አይተናል። ግንባሩን በቴሌቪዥን እንኳ የማያይ ሰው ግንባር ላይ ላለ ሰው ተጠያቂ ሆነ። በብሔር እንዲህ መቁጠር የለመደ ሰው በሃይማኖት ለመቁጠር ብዙ አይቸገርም። ይህ የእኔ ግምት ነው። የሚሞግተኝ ካለ እሰማዋለሁ።

የወራቤው ሳምንት የብሎካችን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አንድ ሰው የተቃጠለ ቤተ ክርስቲያን ፎቶ ለጠፈና «እኛ ምን እየጠበቅን ነው?» ብሎ ጻፈ። ያ ግሩፕ ውኃ ስትመጣና የእድር መዋጮ ሲደርስ ብቻ የሚንጫጫ ነው። ማንም አልመለሰም። በኋላ ከሦስተኛ ፎቅ አንዲት ሴት እንዲህ አለችው፦ «ማንን ልትመታ ነው? ሀጂን? የሦስት ወር ዱቤያቸውን ይዘህ?» አንዳንዱ ሳቀ። ሰውዬው ፎቶውን አጠፋው። ሥነ መለኮት አልጠቀሰችበትም፣ አብሮ መኖር ምናምን አላለችም። «እነሱ» ያላቸውን ወስዳ አንድ ስም ሰጠችው፣ በዚያ ላይ ያለበትን ዕዳ አስታወሰችው። ሁልጊዜ ይሠራል ማለቴ አይደለም። የማይተዋወቅ ሰው በበዛበት ሰፈር፣ ወይም መንጋው ከሌላ ቦታ በመኪና ሲመጣ፣ ዱቤ ማንንም አያድንም። የዚያን ቀን ግን ሠራ።

ኔጎምቦ ከዚያ በኋላ

ከፋሲካው ጥቃት ሦስት ሳምንት በኋላ ቺላው በምትባል ከተማ አንድ ሙስሊም ባለሱቅ ፌስቡክ ላይ፣ ብዙ አትሳቁ አንድ ቀን ታለቅሳላችሁ የሚል ነገር ጻፈ። ሌላ ጥቃት ሊመጣ ነው ተብሎ ተተረጎመ። በዙሪያው ባሉ ከተሞች መስጊዶች፣ ቤቶችና ሱቆች ተሰባበሩ። አንድ አናጢ በሰይፍ ተቆራርጦ ሞተ።

ኔጎምቦ ራሷ ከመቶ በላይ ሬሳ ቀብራለች። የኮሎምቦው ካርዲናል ማልኮም ራንጂት በቀል አይሆንም ብለው ደጋግመው ተማጸኑ። ከዚያ ሁሉ ሐዘን አንጻር ብዙው ሰው ሰምቷቸዋል ማለት ይቻላል።

ከተማዋ ውስጥ ግን ከፓኪስታን ሸሽተው ቤት የተከራዩ ስደተኞች ነበሩ። ብዙዎቹ አሕመዲያዎች ናቸው፣ በአገራቸው ሙስሊም አይደላችሁም ተብለው የሚሳደዱ። ከመካከላቸው በክርስትናቸው ምክንያት ከፓኪስታን የወጡ ክርስቲያኖችም ነበሩ። ሰፈርተኛው ደጃቸው መጣ። አከራዮች ውጡልን አሏቸው። ሙስሊም አይደለህም ተብሎ አገሩን የለቀቀ ሰው፣ ሙስሊም ነህ ተብሎ ከቤቱ ወጣ። ክርስቲያኑም መልኩና አገሩ በቂ ነበር። ከነልጆቻቸው መስጊድ የተጠለሉ አሉ፣ ፖሊስ ጣቢያ ግቢ ውስጥ ለሳምንታት የተኙም አሉ። ከአከራዮቹ አንዱ «ግን ከማን ሸሽታችሁ ነው እዚህ የመጣችሁት?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ፣ መልሱ ቤተ ክርስቲያኑን ካፈነዱት ሰዎች ጋር አንድ ሐሳብ ካላቸው ሰዎች የሚል ይሆን ነበር።